ከካናዳ የመጣው የእርቅ ጠርሙስ

ጠርሙሱን የከፈትሁት ለበቀል ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስለ ሽታውና ስለ ጣዕሙ ሳወራ መጠጥ ወዳድ እንዳልመስል ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ውስኪ ለእኔ ሆቴል በር ላይ ትልልቅ መኪና የሚያቆሙ ሰዎች መጠጥ ነበር። አናጺ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በር፣ መስኮትና አልጋ የምሠራበት ቤት አለኝ። ከጀርባው የምኖርበት ቤት አለ፤ ከእሱ ጎን ያለችው አንድ ክፍል የእናቴ ናት።

ጠርሙሱን ያመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ከፊት ከፊት የሚሄዱት ቄስ ነበሩ፤ የሰውዬው የንስሐ አባት። ሰውዬው የምለው የአባቴን የአጎት ልጅ ነው። ስሙን ከአፌ ካወጣሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛልና እዚህም አላወጣውም። ታሟል፤ እግሩ አብጦ አልጋ ላይ ውሏል። በደህና ጊዜው ዞር ብሎ ያላየው ቁርባን አሁን አማረው። ቄሱ ግን «መጀመሪያ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ታረቅ» ብለውታል። ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ሰሞን ሴት ልጁ ከካናዳ ልትጠይቀው መጥታለችና፣ ይዛለት የመጣችውን ውስኪ ለእርቅ ይሁንልኝ ብሎ ላከው። በእኛ ዘንድ የተጣላ ሰው ከአንድ ዕቃ ተቀድቶለት አብሮ ከጠጣ ቂሙ አበቃ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን የሚያነሳ ቢኖር ነውረኛው እሱ ነው።

«ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አሉኝ ቄሱ።

«አባቴ፣ እኔ መች ጸሎት አበዛሁና?» አልኋቸው።

አንደኛው ሽማግሌ በጋቢው አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ቄሱ አልሳቁም።

ምን አድርጎን እንደሆነ ልናገር። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ፣ እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌ የመጡ ቀን በአባት ወገን የተቀመጠው እሱ ነበር። ጠያቂው ምህንድስና የተማረ፣ ደመወዙም ጠባዩም የሚወራለት ልጅ ነው። ቤቱ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። የእናቴ አረቄ በዚያን ጊዜ ከእኛ ሰፈር አልፎ አማኑኤል ከተማ ድረስ ስሙ ይጠራ ነበር። ከሮብ ገበያ በኩል በሚመጣ እንግዶ ነው የምታወጣው፤ እንግዶ የጮቄ ተራራ ብርድ የሚያበቅለው አጃ መሳይ እህል ነው። ዕቃዋን ሁሉ በወይራ ታጥናለች፣ አንዴ የወጣውን መልሳ ዳግም ታወጣዋለች። ሲጠጡት ጉሮሮ አይፍቅም፤ ደረት ላይ ይሞቃል።

ቀጂ ሰው ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ክፉ ነገር የለበትም ማለት ነው፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። እናቴ ቀመሰች። ታላቅ ነውና አስቀድማ ለሰውዬው ሰጠችው። መለኪያውን ተቀበለ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው፣ ከዚያ እግሩ ሥር ቄጠማው ላይ ደፋው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አላቸው እንግዶቹን፣ «እኔ ከዚህች ሴት እጅ ጠጥቼ ታምሜ አውቃለሁ።»

ጮክ ብሎ እንኳ አልተናገረም። ለእናቴ ያዘነላት ይመስል ነበር ድምፁ። እንግዶቹ መለኪያቸውን አንድ በአንድ መሬት ላይ አስቀመጡ፤ «ተመካክረን እንመለሳለን» ብለውም ወጡ። አልተመለሱም። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ እነዚያው ሽማግሌዎች የሰውዬውን ልጅ ጠየቁ። ሠርጉ ተሠረገ፤ ውሎ አድሮ ባልና ሚስቱ ካናዳ ገቡ። እንግዲህ ለእርቅ የመጣልኝ ውስኪ ከየትኛው ቤት እንደወጣ ይኸው ነው።

እህቴ ደህና ናት። አምበር ከተማ አግብታ ወልዳለች፤ ባሏም ወርቅ ሰው ነው። ያልዳነው የእናቴ ቁስል ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ እሱ «ታምሜ አውቃለሁ» ብሎ ቀደደው፣ ሰፈሩ «ሰው ትበላለች» ብሎ ገባበት። የማኅበር ተራዋ ሲደርስ ሴቶቹ «አንቺ አትልፊ፣ እኛው እናዘጋጃለን» ይሏት ጀመር። ለቅሶ ቤት ይዛ የሄደችው ጠላ እንደሞላ ይመለሳል። አንድ ቀን እንስራዎቿን አጥባ ጓሮ ደፋቻቸውና ዳግመኛ አላነሳቻቸውም። ስለዚያ ቀን የሚያነሳባት ሲኖር «ለእግዜር ሰጥቻለሁ» ትልና ወደ ሥራዋ ትዞራለች። እኔ ግን ለማንም አልሰጠሁም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የተወጋው እናትህ ከሆነች ደግሞ በየዓመቱ ይብስብሃል።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መልሴን ይጠብቃሉ። ጠርሙሱ መጋዝ ጠረጴዛዬ ላይ ከነሳጥኑ ቆሟል። ድንገት አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

«ይቀመጥ» አልሁ። «መጀመሪያ ልቅመሰው። የማላውቀውን መጠጥ እንዴት ለእርቅ እጠጣለሁ?»

ደስ ብሏቸው መርቀውኝ ሄዱ። ጠርሙስ የተቀበለ ሰው እርቁን ተቀበለ ማለት ነው ብለው አስበዋል፤ እውነትም ልማዱ እንደዚያ ነው። ግን አብሮ ካልተጠጣ እርቅ የለም። ብቻህን ከጠጣኸው መጠጥ ብቻ ነው። ይህን ክፍተት ሽማግሌ ሆነው ያረጁት ሰዎች አላዩትም፤ እኔ ቂሜ አሳየኝ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሥራዬን ጨርሼ፣ ከላዬ ላይ ሰጋቱራውን አራግፌ፣ በረንዳዬ ላይ ከፈትሁት። እንደ አረቄ ጭልጥ አደረግሁት። አቃጠለኝና «ይህን ነው እንዴ የሚያወሩለት!» ብዬ ሳቅሁ። መጥፎ ቢሆን እንዴት በወደድሁ! «ሰውዬው የላከው መጠጥ እንደ ራሱ ነው» ብዬ ለከተማው እነግር ነበር። ግን ከዋጥሁት በኋላ አፌ ውስጥ የቀረ ነገር ነበር። ሁለተኛውን ቀዳሁና ሳልጠጣው ዝም ብዬ ያዝሁት።

ቀለሙ የጠራ ጠጅ ነው፤ ትንሽ ጠቆር ይላል። መጀመሪያ አፍንጫ የሚመታው አልኮሉ ነው። እሱ ሲያልፍ ቅርንፉድ መጣ፣ ቀረፋ መጣ፣ ከምድጃ የወጣ የዳቦ ቅርፊት ሽታ መጣ። ከሁሉም ሥር እንጨት አለ። እንጨት ደግሞ የእኔ ነገር ነው። ዋንዛን ከጽድ፣ ጽድን ከወይራ ዓይኔን ጨፍኜ በሽታ እለያለሁ፤ ይህን ግን አላውቀውም። ትንሽ እንደ ቫኒላ ኬክ ይሸታል፣ ትንሽ ደግሞ መላጊያ አሁን እንደነካው ደረቅ ጣውላ። ጠብ አድርጌ ምላሴ ላይ አቆየሁት። ሲገባ ጣፋጭ ነው። ከዚያ ምላስህን ከዳርና ከዳር ቁንዶ በርበሬ ይይዘዋል። ስትውጠው ድርቅ ይልና ደረትህ ላይ ቆይቶ ይሞቃል። ተናደድሁ። ጥሩ ነበር።

ስልኬን አውጥቼ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ምን እንደሆነ ፈለግሁ። እህሉ ራይ ይባላል፤ ብርድ የማይበግረው፣ ስንዴ እምቢ ባለበት መሬት የሚበቅል የስንዴ ዘመድ። እንጨቱ ኦክ ነው። በርሜሉን ሠርተው ውስጡን በእሳት ያጠቁሩታል፤ ከዚያ መጠጡን ከተው ዓመታት ያስቀምጡታል። ቀለሙን የሚሰጠው ያ የጠቆረ እንጨት ነው። የእናቴ አረቄ ውሃ ይመስል ነበር፤ ይህን ማር ያስመሰለው እንጨቱና ዕድሜው መሆኑ ነው። ዕድሜውን ሳስብ ከእኛ ቂም ያንሳል፤ ይህም ትንሽ ደስ አሰኘኝ።

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ተመለሱ።

«እንግዲህ ቀን እንቁረጥ» አሉ ቄሱ።

«አባቴ፣ ገና ነው። ጥሩ መጠጥ ነው፤ ግን ገና አልገባኝም» አልኋቸው።

«ምኑ ነው የማይገባህ?»

«ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት ሽታው ይለወጣል፤ አሁን እሱን እያጠናሁ ነው።»

ቀልዴ መሰላቸው። እውነቴን ነበር። ጥቂት ጠብታ ውሃ ሲገባበት ቃጠሎው ይከስምና የእህሉ ሽታ ይወጣል፤ አውድማ ላይ ያደረ ጭድ ዓይነት። በየአመሻሹ አንድ መለኪያ እቀዳለሁ፤ ከዚያ አላልፍም። ቸኩሎ መጨረስ ሞኝነት ነው፤ እኔ እያጣጣምሁ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ጉንጭ ለሽታው፣ ሁለተኛው ለጣዕሙ፣ ሦስተኛው ሰውዬው ጣራ ጣራ ሲያይ በዓይነ ሕሊናዬ ለማየት ነበር። ሦስተኛው ይበልጥ ይጣፍጥ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

እናቴን ስለ ጠርሙሱ አላማከርኋትም። ለእግዜር የሰጠችውን ነገር ምን ብዬ ላንሳባት? ማምሻውን ከክፍሏ ወጥታ በፊቴ ስታልፍ ጠርሙሱን ታየዋለች፣ መለኪያውን ታየዋለች፣ «ብርድ እንዳይመታህ» ትለኝና ታልፋለች።

እህቴ ከአምበር ደወለች። ወሬ ከእኛ ቤት አምበር ለመድረስ መኪና አይጠብቅም።

«አንተ፣ በሽተኛ ሰው ታንገላታለህ አሉ?» አለችኝ።

«ማን ነካው? እየጠጣሁ ነው እንጂ።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ ተወው። ያንን ሰው ባገባ ኖሮ ይኸኔ በረዶ ስጠርግ ነበር የምውለው» አለችና ሳቀች።

«ለአንቺ ማን አለሽ?»

 ከዚያ «አዬ፣ ለእማ ከሆነስ በርታ» ብላ ዘጋችው።

የሰውዬው ልጅ ራሷ የመጣችው ጠርሙሱ ከወገብ በታች ከወረደ በኋላ ነው። ካናዳ ያደለባት መስሎኝ ነበር፤ ከስታለች። በርጩማ ሰጠኋትና ፊት ለፊቷ ቀዳሁ። ይህን ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው።

«አባቴ እንቅልፍ የለውም» አለች። «በር በተንኳኳ ቁጥር 'መጣ?' ይላል።»

«እናቴም በር ታይ ነበር። የሚመጣ አልነበረም እንጂ።»

«እኔ በጊዜው ምን አውቄ?»

«አሁንስ?»

«አሁን አውቃለሁ። ሁሉንም አውቃለሁ» አለች፤ እንባዋ ወረደ። መለኪያዬን ስታይ ፊቷን አዞረች። ባሏ በየማታው ይህንኑ ይጠጣል አለችኝ። ከሥራ ይገባል፣ በረዶ ጨምሮ ይቀዳል፣ ሳያናግራት ያመሻል። ሽታው ሲመጣባት ተነስታ ወደ ሌላ ክፍል ትገባለች። ይህን ስትነግረኝ ያዘንሁ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ። በውስጤ ግን ደስ አለኝ፤ እሰይ አልሁ። ለአንድ ምስኪን ሴት ይህን ማሰብ ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም መለኪያው እንደዚያን ማታ ጥፍጥ ብሎኝ አያውቅም።

ስትሄድ ለአባቷ የምታደርስልኝን ቃል ነገርኋት። «ሰው ፊት ነው የዋሸው፣ ሰው ፊት ይናገር። በዚያን ጊዜ እናቴን የሸሹት የማኅበር ሴቶች ይጠሩ። ከዚያ እናቴ ቀምሳ ትስጠው፤ ከእጇ ይጠጣ። አንድ መለኪያ አስቀርለታለሁ።»

ሰውዬው በአንድ ቃል እሺ አለ። እናቴን ያነጋገሯት ቄሱ ናቸው። እምቢ ትላለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ «እሺ አባቴ፣ እመጣለሁ» ብቻ አለች አሉ። በቀጠሮው ቀን የታጠበ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሩ ላይ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ጠርሙሱን እኔ ያዝሁት።

የሰውዬው ቤት ሞልቷል። የማኅበር ሴቶቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ እናቴ ስትገባ ሁሉም ብድግ አሉ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን እንዲህ ተነስተውላት አያውቁም። እሱ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፏል። አንጀቴን የሚበላኝ መስሎኝ ነበር፤ አልበላኝም። ሽማግሌ ሆኖ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ያው እሱ ነው።

«በል ተናገር» አሉት ቄሱ።

«ዋሽቻለሁ» አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር። «ከእሷ እጅ ጠጥቼ ታምሜ አላውቅም። ያንን ልጅ ለልጄ ስለፈለግሁት ነው። በማርያም ይቅር በይኝ።»

ልጁ ከአልጋው ራስጌ ቆማ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ከሴቶቹ አንዷ «በስመ አብ» አለች። እኔ ስጠብቀው የኖርሁትን ቃል ሰማሁት። 

ጠርሙሱን ለእናቴ ሰጠኋት። ቡሹን ነቀለች። የቀረችውን ሁሉ መለኪያው ላይ ቀዳች፤ ልኩ ድረስ ሞላ።  ከመለኪያው መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፣ ቀመሰች፣ ከንፈሯን መጠጠች።  ሰውዬው ሁለት እጁን ዘረጋ።

እናቴ አየችው። ከዚያ መለኪያውን ወደ አፏ አነሳች። ጭልጥ አላደረገችውም፤ ትጎነጫለች፣ ትቆያለች፣ ትውጣለች፣ እንደገና ትጎነጫለች። የአረቄ ሰው ናት፤ መጠጥ እንዴት እንደሚጠጣ ማንም አያስተምራትም። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣችውና ባዶውን መለኪያ አልጋው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። የሰውዬው እጅ እንደተዘረጋ ነው።

«ጥሩ ነው» አለች። «ደህና አድርገው አውጥተውታል።»

«እመት፣ ለእሱስ?» አሉ ቄሱ።

«አባቴ፣ ይቅር ብዬዋለሁ። እግዜር ይማረው፣ ያቁርቡት፤ እኔ አልከለክልም። ከእኔ እጅ ግን አይጠጣም። አይወድማ!»

ከሴቶቹ ታላቂቱ አንገቷን ደፍታ «እታለም፣ እኛም በድለንሻል፤ ነገ ከእኛ ቤት መጥተሽ ቅጂልን» አለቻት።

«እናንተም ያን ጊዜ አልጠማችሁም ነበር» አለች እናቴ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ማንም ሊያስቆማት አልደፈረም። እኔ ከኋላዋ ስወጣ ልቤ ሊዘል ደርሶ ነበር። እርቅ ይሁን ግፍ ማንም ያልገባው ነገር ትታ ነው የወጣችው። ቄሱ በሩ ላይ ያዙኝና «ምን አስደረግሃት?» አሉኝ። ምንም አላስደረግኋትም። እኔ ያሰብሁት እንዲጠጣ ነበር። ጠጥቶ ቢሆን ኖሮ ተገላገለ ማለት ነው፤ ይህን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ባጃጅ ያዝሁላት። ጎን ለጎን ተቀመጥን። የሚያስቀኝም የሚያስለቅሰኝም ነገር ይዞኛል፤ እቅፍ ላደርጋት እጄን ሰነዘርሁ።

«እማ፣ አንጀቴን አራስሽው» አልኋት። «ለእግዜር የሰጠሽው መስሎኝ ነበር እኮ።»

ትከሻዋን ከእጄ ሥር አወጣች። መንገድ መንገዱን ነው የምታየው።

«ያን ሁሉ ሰሞን በረንዳ ላይ ተጎልተህ ስትጠጣ በመስኮት አይህ ነበር» አለችኝ። «ጠርሙሱ ሲጎድል፣ ሲጎድል። ዛሬስ 'እማ፣ ነይ ቅመሺ' ይለኛል እያልሁ እጠብቃለሁ። ከወዲያ ማዶ ብርድ ልብስ ለብሼ፣ ጆሮዬን ጥዬ።»

«እማ…»

«ሰውዬው የደፋው የማንን ነው? የእኔን አይደል? ስሜ የጠፋው እኔ፣ እንስራዬ የተደፋው እኔ። አንተ አንድ መለኪያ አስቀርተህ ያንኑም ለእሱ አልህ።»

 ባጃጁ ደጃችን ላይ ሲቆም እጇን ልይዛት ብል እምቢ አለችኝና ብቻዋን ወርዳ ገባች።